«እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» እና ሌሎች ስለ ድሃ ልጆች የሚወሩ ስህተቶች

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል የምትሠራ ነርስ ብዙ ነገር ትሰማለች። እኔን ደሜን የሚያፈላው ግን አንድ ነው። እናት ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። ክንዱን በመለኪያ ሪባን ስለካው ቢጫው ላይ ይቆማል፤ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። ገና አፌን ሳልከፍት አብራ የመጣችው አያት ትቀድመኛለች፦ «ኧረ ተይው ሲስተር፣ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው። ምን ሆንን? ልጅ በዕድሉ ያድጋል።»

ከአያቶች ብቻ ብሰማው ባልከፋኝ። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ የተማሩ ሰዎች ሻይ ቡና ሲሉም ይባላል። «በባዶ እግራችን ሄደን፣ ቆሎ ቆርጥመን፣ በኩራዝ አጥንተን እዚህ ደርሰናል። የዛሬ ልጅ ሞልቃቃ ነው።» ወደ እሱ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ላጽዳ።

«ጥርስ ሲያወጣ ተቅማጥ ያለ ነው።» አይደለም። ጥርስ በሚያወጣበት ዕድሜ ልጅ መዳህ ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡ ከቆሸሸው እጅና ካልተጣራው ውሃ ነው የሚመጣው። ኦአርኤስና ዚንክ ስጡት። ድዱን የሚያስነቅል፣ እንጥሉን የሚያስቆርጥ ሰው ግን አሁንም አለ!

«ዳቦ በሻይ ለልጅ ምን አለው?» ሆድ መሙላት ብቻ። ሻዩ ጭራሽ ከምግብ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዳይገባው ያደርጋል።

«አጭር የሆነው በዘሩ ነው።» የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የዕድገት መለኪያ የብራዚል፣ የጋና፣ የህንድ፣ የኖርዌይ፣ የኦማንና የአሜሪካ ሕፃናትን ለክቶ የተሠራ ነው። በደንብ ጠብተው፣ በደንብ በልተው፣ በሽታ ሳያመላልሳቸው ያደጉት ልጆች እስከ አምስት ዓመታቸው ቁመታቸው በጣም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የጋናውም የኖርዌዩም። አንድ ልጅ በዘሩ ሊያጥር ይችላል። የሰፈር ልጅ በሙሉ ግን በዘሩ አያጥርም።

አሁን ወደ «ምን ሆንን» ልምጣ።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህን የሚሉት የተረፉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከስድስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዶ ነበር። አንዷን አያት ስንት ወለዱ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስምንት።» ስንቱ አሉ? «አምስቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በዚህ የረታኋቸው እንዳይመስላችሁ። «እሱማ የእግዜር ሥራ ነው» ብለውኝ አለፉ።

ሁለተኛ፣ የተረፍነውም ብንሆን በነፃ አልተረፍንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ በአገራችን የረሃብን ዋጋ ያሰላ ጥናት አለ። ከአዋቂው ሕዝብ 67 በመቶው በልጅነቱ ቀንጭሮ፣ ማለትም ለዕድሜው አጥሮ፣ የነበረ መሆኑን አሳየ። የልጆች የምግብ እጥረት በአንድ ዓመት ብቻ ያስወጣት የነበረው ዋጋም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 16.5 በመቶ ጋር የሚተካከል ነበር። ክፍል መድገም፣ ትምህርት ማቋረጥ፣ የጉልበት ማነስ፣ ያለጊዜው መሞት፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። «ምን ሆንን?» ይኸው ይህን ሆንን።

ነገሩ የሚበላሸው በጣም ቀድሞ ነው። ከእርግዝና እስከ ሁለተኛው ልደት ያለው ጊዜ 1000 ቀን ገደማ ነው። አንጎል በፍጥነት የሚያድገው ያኔ ነው። ያኔ ምግብ ካነሰ፣ ተቅማጥ ከተመላለሰ፣ አንጀት ራሱ ይጎዳና ያገኘውንም ምግብ በደንብ አይወስድም። የቀነጨረች ልጅ አድጋ ስታረግዝ ደግሞ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። ድህነት እንዲህ አድርጎ ነው ገና ሳይወለድ ልጅ ላይ የሚደርሰው።

አሁንም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ለሚል፣ የጓቲማላን ታሪክ ልንገረው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች ለልጆች መጠጥ ይሰጥ ነበር። በሁለቱ መንደር አቶሌ የሚባል ፕሮቲን ያለው፣ ከእኛ አጥሚት ጋር የሚቀራረብ ነገር። በሌሎቹ ሁለት ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ። ልጆቹ አድገው ሥራ ሲይዙ ተመራማሪዎች ተመልሰው ፈለጓቸው። እስከ ሁለት ዓመታቸው አቶሌ ያገኙት ወንዶች የሰዓት ደመወዛቸው በ46 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ሦስት ዓመት ከሞላቸው በኋላ የጀመሩት ላይ ይህ ጥቅም አልታየም። ከአጥሚት እስከ ደመወዝ! ይህንን ነው ዕድል የምንለው።

እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ሰው «እገሌ እኮ ሊስትሮ ሠርቶ ዶክተር ሆነ» ይላል። እኔም አውቃለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ መርካቶ ማስቲካ እየሸጠ ተምሮ ጤና መኮንን ሆኗል። ጥንካሬውን ሲያወሩለት ግን ይበሳጫል። በየቀኑ ምሳ ታበላው የነበረች ጎረቤት ነበረች፤ ስለ እሷ ማንም እንደማይጠይቀው ይነግረኛል። አብረውት ማስቲካ ይሸጡ የነበሩትን ደግሞ ማንም ለንግግር አይጋብዛቸውም።

«ሆዱ ከሞላ ይበቃዋል» የሚለው የዚሁ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ነበሩ። ጤፉ የሚመጣው ከየት ነው? ጎተራ መሙላትና ልጅ መመገብ ለየቅል ናቸው። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች በዓይነትም በጊዜም የሚበቃውን ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዶሮ ያለው ቤት እንቁላሉን ለገበያ ያወጣል፤ ለልጁ እንጀራ በሽሮ። ጾም ሲገባ ደግሞ ድስቱ የፍስክ እንዳይነካው ተብሎ ለሕፃኑም እንቁላል አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ጹም አላለችም። መፍትሔው ትንሽ ድስት ለልጁ ለብቻ መያዝ ነው። በቃ። ስንቴ ተናግሬያለሁ መሰላችሁ።

ከተነሳ አይቀር፦ ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎ ይጀምር። ከእህልና ከጥራጥሬ የተመጠነ ዱቄት፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ እንቁላል ካለ እንቁላል፣ ከሌለ የተፈጨ ምስርና በደንብ የበሰለ ጎመን። ማንኪያ ላይ የሚቆም ወፍራም ይሁን፤ እንደ ውሃ የሚፈሰውን ትንሽ ሆዱ ይሞላበታል እንጂ አያበረታውም። ጡት እስከ ሁለት ዓመት አይቋረጥ። ፕላምፒ ነት፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የታዘዘለት ልጅ ካለ ለእሱ መድኃኒቱ ነው፤ ለወንድሞቹ አይካፈል፣ ለሱቅም አይሸጥ። ለዱቄቱም ገንዘብ የሌላት እናት እንዳለች ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እሷን ምክሬ አይመግባትም፤ ሴፍቲኔት የመጣው ለዚህ ነው። ወረዳ ሄዳችሁ መመዝገባችሁን አጣሩ።

«ትምህርት ነፃ ነው፤ የማይማር ሰነፍ ነው።» ቁርስ ያልበላ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ የገባው ለዚህ ነው። ሰነፍ ሲባል የከረመ ልጅ ቁርስ ሲበላ ምን እንደሚመስል መምህራኑን ጠይቁ።

የመጨረሻው የራሳችን የባለሙያዎቹ ጥፋት ያለበት ነው፦ «ሪባኑ አረንጓዴ ነው፤ ልጄ ደህና ነው።» ሪባኑ የሚያሳየው መቀጨጭን፣ ማለትም መክሳትን ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ። መቀንጨርን ግን አይነግራችሁም። ክንዱ የሞላ፣ ጉንጩ ያበጠ ልጅ ለዕድሜው አጥሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቁመቱንም ለኩልኝ በሉ። ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ተኝቶ ነው የሚለካው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወረፋ ሲበዛ ይዘለላል። አትዝለሉብኝ በሉ። ቁጥሩን ካርዱ ላይ አስጽፉ፣ መስመሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አስነግሩ። ሁለት ዓመት ያለፈውንም «አልፎበታል» ብላችሁ አትተዉት። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አገራችንን ጨምሮ በአራት አገሮች ልጆችን የሚከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት ከዚያ በኋላም ያገገሙ ልጆች እንዳሉ፣ ያገገሙትም በትምህርት ካላገገሙት እንደሚሻሉ አሳይቷል።