ከሐረር እስከ ድሬዳዋ፦ ለምደባ የሚሆን የአካል ባህርይ መረጃ ከየት ይገኛል?

ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በዝርያ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፈው ወገንና ተቀራራቢ ወገኖችን በሚያቅፈው አስተኔ ለመመደብ የሚሰበሰበው መረጃ በአብዛኛው ከአካል ቅርፅ ይጀምራል። የቅጠሉ ጠርዝ መጋዝማ ነው ወይስ ልሙጥ? ፍሬው ሲደርቅ በስንት ይከፈላል? የፊት እግሩ ስንት ጣት አለው? እንዲህ ያለው ጥያቄ «መለያ ባህርይ» ይባላል፤ መልሶቹ የባህርዩ መልኮች ናቸው። የዘረመል ምርመራ ብዙ ነገር ቢያቃልልም ይህን ሥራ አልተካውም። ቅሪተ አካል አብዛኛውን ጊዜ ዘረመል አይሰጥም፤ ማሳ ላይ የቆመ ሰውም ዝርያ የሚለየው በዓይኑ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ ይህን ሥራ ለሚጀምር ተማሪ ከባዱ ነገር አስተማማኙ መረጃ የት እንዳለ ማወቅ ነው።

ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ የሚጎርሰውን ጅብ እንውሰድ። ላየው ሰው የውሻ ዘመድ ይመስላል፤ አፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ጥፍሩም እንደ ድመት ወደ ውስጥ አይገባም። ጥርሱን ስንቆጥር ግን ውሻ 42፣ ድመት 30፣ ነጠብጣቡ ጅብ ደግሞ 34 ሆነው ይገኛሉ። ውሻ በፊት እግሩ አምስት ጣት ሲኖረው (አንዷ ከፍ ብላ መሬት አትነካም)፣ ጅቡ በአራቱም እግሮቹ አራት አራት ጣት ብቻ አለው። ቁርጡን የለየው ከውጭ የማይታይ ባህርይ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፍላወር እ.ኤ.አ. በ1869 የሥጋ በል እንስሳትን የራስ ቅል ከሥሩ፣ በጆሮ አጥንቱ አካባቢ መርምሮ ጅብን ከድመትና ከጥርኝ ጎራ አሰለፈው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው የዘረመል ጥናትም ይህንኑ አጸና። የአፍ ቅርፅና የጥፍር ዓይነት አኗኗር የሚቀርጻቸው ስለሆኑ፣ በማይዛመዱ እንስሳት ላይም ተመሳስለው ይመጣሉ። ለዚህ ነው የራስ ቅልና የአጥንት ክምችት ያለው ሙዚየም በፎቶግራፍ የማይተካው፤ በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጠቃሽ ነው።

በዕፅዋት በኩል ከጫት የተሻለ አስተማሪ በአካባቢው የለም። ጫትን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በየመን ሲጓዝ እ.ኤ.አ. በ1763 የሞተው የዕፅዋት ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል ነው፤ ጽሑፉ ታትሞ የወጣው በ1775 ነበር። ተክሉ ሴላስትራሴ በሚባለው አስተኔ ውስጥ ይመደባል፤ የአጣጥ ዘመድ ነው። አጣጥ እሾህ አለው፣ ጫት የለውም።

አሁን ከአወዳይ ገበያ አንድ ዙርባ ጫት ገዝቶ ለመመደብ የሚሞክር ሰው ምን ያገኛል? ቀጥ ብሎ በሚያድገው ቀንበጥ ላይ ቅጠሎቹ እየተፈራረቁ ወጥተዋል፤ አንዱ በግራ፣ ከፍ ብሎ ሌላው በቀኝ። አጥር ጥግ ሳይቆረጥ የቀረ ያረጀ ዛፍ ዘንድ ሄዶ አበባ የያዘውን ቅርንጫፍ ሲያይ ደግሞ ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሁለቱም አንድ ተክል ነው። ቀንበጡን ብቻ ያየ ሰው «ተፈራራቂ»፣ ቅርንጫፉን ብቻ ያየ ደግሞ «ትይዩ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ያዩትን ጽፈዋል፣ መረጃው ግን እርስ በርሱ ተጋጭቷል። አበባው ትንሽ፣ ነጣ ያለና ባለ አምስት ቅጠል ነው፤ ቀጭኑ ፍሬም ሲደርቅ በሦስት ይከፈልና ከሥሩ ስስ ክንፍ ያለው ዘር ይወጣዋል። በየጊዜው የሚቆረጥ ማሳ ግን ይህን አያሳይም፤ ገበሬው የሚፈልገው ለጋ ቅጠል ነውና አበባ እስኪመጣ አይጠብቅም። ለአስተኔ ምደባ ዋናው የሆነው አካል፣ ተክሉ በብዛት በሚበቅልበት አገር ለማየት አስቸጋሪ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ገበሬዎቹ የራሳቸው ምደባ አላቸው፦ ቀዩን «ዲማ»፣ ነጣ ያለውን «ዳሎታ»፣ መካከለኛውን «ሀመርኮት» ይሉታል። ይህ የለጋው ቅጠል ቀለም ነው። ዓይነት ለመለየት ይበጃል እንጂ አስተኔ ለመለየት አይረዳም።

የታተመ መግለጫ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በ8 ቅጽ የወጣውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ነው። በእያንዳንዱ ዝርያ ሥር የተገኘባቸው ክልሎች በምህጻረ ቃል ተቀምጠዋል፤ የሐረርጌ ምልክት «ኤችኤ» ነው። መግለጫው ግን የብዙ ናሙናዎች ጭማቂ ነው፤ «ቅጠሉ ከዚህ እስከዚህ ሴንቲ ሜትር» ይላል እንጂ የትኛው ናሙና ስንት እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ ወደ ደረቅ ናሙናዎቹ፣ ማለትም ወደ ሄርባሪየም መሄድ ግድ ነው። ብሔራዊው ክምችት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ለምሥራቁ ደግሞ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ደረቅ ናሙናም የሚያጠፋው ነገር አለ። በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ ደረቅ ኮረብቶች የሚበቅለው እሬት ወፍራምና ውሃማ ቅጠሉ ሲጫን ቅርፁን ያጣል፣ የአበባው ቀለምም ይደበዝዛል። ሰብሳቢው ቦታው ላይ ካልጻፈው ያ ባህርይ ጠፋ ማለት ነው።

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው፤ መንገዱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ የአንድ ዝርያ የቅጠል መጠን ብዙ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ልኬት ከበርካታ ተክሎች ካልተወሰደ አይታመንም።

በማሽላ ላይ ይህን ችግር ያቃለለው የሃርላንና የደ ዌት ምደባ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1972 የታረሰውን ማሽላ ባይከለር፣ ጊኒ፣ ኮዳተም፣ ካፊርና ዱራ ብለው በአምስት ዋና ዘሮችና በአሥር ድቅሎች ሲከፍሉ፣ የተመለከቱት የበሰለውን ፍሬና ያቀፈውን ገለባ ብቻ ነው። የአገዳው ቁመትና የራሱ መጉበጥ ቀርቶ አንድ የጎመራ ፍሬ ከነገለባው በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል። በሐረርጌ የሚበዛው ዱራ ገለባው መሃሉ ላይ በአግድም ስርጉድ ያለ ነው። ገበሬው «ሙይራ» ወይም «ፈንዲሻ» ብሎ የሚጠራው ስም ከዚህ ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም፤ ሆኖም ስሙን ከናሙናው ጋር መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ያለ ስሙ ወደዚያው ማሳ ተመልሶ ያንኑ ዓይነት ማግኘት አይቻልም። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመው፣ ዛሬ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም የዘር ክምችት አለ።

ጥቂት ናሙና ይዞ ስለ መመደብ ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ ያለው የባቢሌ ዝሆን ምስክር ነው። የእንስሳት ተመራማሪው ሪቻርድ ሊዴከር እ.ኤ.አ. በ1907 የአፍሪካን ዝሆን በጆሮ ቅርፅ እየለየ ብዙ ንዑስ ዝርያ ሲያወጣ ለምሥራቁም አንድ ስም ሰጥቶ ነበር። ከእነዚያ ስሞች አብዛኞቹ ዛሬ ተቀባይነት የላቸውም።

የተሰበሰበው ሁሉ መጨረሻ ላይ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ በአግድም ዝርያዎች፣ በቁም ባህርያት። ኮምፒውተር የዝርያዎቹን ዝምድና የሚያሰላው ከዚህ ነው። ሌሎች የሠሩትን ከነፎቶው ለማየት ሞርፎባንክ፣ የናሙና መዝገብ ለመፈለግ ጂቢአይኤፍ የሚባሉት የኢንተርኔት የመረጃ ቋቶች በነፃ ክፍት ናቸው። በሠንጠረዡ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ባዶ ቦታ ላይ ነው። አጣጥና ጫት አብረው ሲገቡ «የእሾህ ርዝመት» በሚለው ሥር ለጫት የሚጻፈው ሰረዝ ነው፤ እሾህ የለውምና ጥያቄው አይመለከተውም። ከአወዳይ በመጣው ዙርባ ላይ «ፍሬው በስንት ይከፈላል» ለሚለው ግን የጥያቄ ምልክት ይደረጋል፤ ፍሬ አለው፣ እኛ አላየነውም። ሁለቱን በአንድ ዜሮ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ያልነበረ ዝምድና ያስፈልፍለዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የናሙናው መለያ፣ የተሰበሰበበት ቀንና ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደተወሰደ ይጻፋል።