ስትራቴጎ፦ ማዕረጋቸው የተደበቀ ጠጠሮች ጦርነት

ስትራቴጎ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው። ሰሌዳው 10 በ10 ሲሆን፣ መሀሉ ላይ ማንም የማይገባባቸው ሁለት ሐይቆች አሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች 40 ጠጠሮቹን እንደፈለገ ይደረድራል። ማዕረጋቸው የሚታየው ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ ባላጋራው የሚያየው ጀርባቸውን ነው። የሌላውን ባንዲራ የማረከ ያሸንፋል።

ሐሳቡን ወደ ገበያ ያመጣችው ኤርማንስ ኤዳን የተባለች ፈረንሳዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት ጠየቀችበት፤ ጨዋታው ‹ላታክ› ተብሎ ተሸጠ። ስትራቴጎ የሚለው ስም በ1942 ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመዘገበ፤ አሜሪካ የገባው ደግሞ በ1961 ነው።

ለእኔ ጨዋታውን ያጣፈጠው መገለጥ ዋጋ ማስከፈሉ ነው። ሁለት ጠጠሮች ሲገጥሙ የሁለቱም ማዕረግ ይታያል። ደካማው ይወጣል፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይወጣሉ። ያሸነፈውም ቢሆን ከዚያ በኋላ ማንነቱ ታውቋል። ማርሻሉን እንውሰድ። ከወታደር ሁሉ በላይ ነው፤ ሰላዩ ቀድሞ ካጠቃው ግን ያልቅለታል። ሰላዩ ደግሞ በሌላ በማንም የሚሸነፍ ምስኪን ነው። ስለዚህ የታወቀ ማርሻል አጠገቡ የመጣን ያልታወቀ ጠጠር ሁሉ ይፈራል። አንዲት ደካማ ጠጠር ኃያሉን ልጓም ታስገባዋለች። እንዲህ ያለ ጨዋታ መንደፍ የሚፈልግ ሰው ይህን ደጋግሞ ቢያጠናው ይጠቅመዋል፤ ማዕረግ ብቻውን የሚወስን ከሆነ፣ የመደበቁ ነገር ሎተሪ ሆኖ ይቀራል።

ከጠጠሮቹ ስድስቱ ቦምቦች ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም። የሚያነሳቸው ፈንጂ አምካኙ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቦታው ያልተነሳ ጠጠር ሁሉ ያስጠረጥራል። ብልህ ተጫዋች ይህን ያውቅና ጠንካራ መኮንኑን እንደ ቦምብ አቁሞ ይጠብቃል።

በ1970 ሶፍሮንዮ ፓሶላ የተባሉ ፊሊፒናዊ ሌላ መንገድ አመጡ። በእሳቸው ጨዋታ ለእያንዳንዱ ወገን 21 ጠጠሮች አሉ። ሲገጥሙ ደካማውን የሚያወጣው ዳኛ ነው፤ የአሸናፊው ማዕረግ እንደተደበቀ ይቀጥላል። ጥርጣሬው እስከ መጨረሻው አይለቅም፤ ችግሩ ሦስተኛ ሰው ይፈልጋል።

በ2022 ዲፕማይንድ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ የሠራው ዲፕናሽ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከራሱ ጋር እየተጫወተ ስትራቴጎን ተማረ። ማታለልንም ለመደ። ከሰው ጋር ባደረገው አንድ ጨዋታ ደካማ ጠጠር የሆነውን ቃኚውን ይዞ የሰውየውን ኮሎኔል እንደ ኃያል አሳደደው። ሰውየው ማርሻል መሰለውና ወጥመድ ውስጥ ከትቶ በሰላዩ አጠቃው። ሰላዩን ያጣው እዚያው ነው።