ትራምፕ ሕንጻ ነጋዴው፦ ወሬውና እውነቱ

ስለ ዶናልድ ትራምፕ ጨዋታ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ፖለቲካ ውስጥ ይገባል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ዘመን ነው። ሰውየው የሕንጻ ነጋዴ ነበር። ስለዚያ ጊዜ የሚወራውን ግን ወዳጆቹም ጠላቶቹም እኩል ይስቱታል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

"ስሙ የተጻፈበት ሕንጻ ሁሉ የእሱ ነው"

አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ትራምፕ ስሙን ከበር በላይ አዋለው፣ ለዚያውም በኪራይ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሌላ ባለሀብት መሬት ይገዛል፣ ይበደራል፣ ይገነባል። ትራምፕ ስሙን ይሰጥና ክፍያውን ይቀበላል፤ አንዳንዴ የማስተዳደሩንም ሥራ ይይዛል። ቤቱ ገዢ ቢያጣ የሚከስረው ሌላው ነው።

ፓናማ ሲቲ ያለው፣ 2011 የተከፈተው ረጅም ሕንጻ እንዲህ ያለ ነበር። 2018 ላይ የሆቴሉን አብላጫ ድርሻ ከያዘው ሰው ጋር ጠብ ተነሳና አንድ ሠራተኛ የትራምፕን ስም ፊደል በፊደል በብረት ፈንቅሎ አወረደው። ኒውዮርክ ውስጥም ሪቨርሳይድ ቡልቫርድ ላይ ተከራዮች ፊርማ አሰባስበው ስሙ በ2016 ከሦስት ሕንጻዎች ላይ ተነሳ። ሕንጻዎቹ የእሱ ቢሆኑ ማን ይነካቸው ነበር?

"ከዜሮ ተነስቶ ነው" ወይም "ሁሉንም የወረሰው ነው"

ሁለቱም ልክ አይደሉም። አባቱ ፍሬድ ትራምፕ ብሩክሊንና ኩዊንስ በተባሉት የኒውዮርክ ክፍሎች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አፓርታማዎች የገነቡ ሀብታም ነበሩ። የልጁ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ማንሃተን፣ የከተማዋ እምብርት ላይ ያለው የኮሞዶር ሆቴል እድሳት ነው። ሆቴሉ በ1980 ግራንድ ሃያት ተብሎ ተከፈተ። ለግንባታው ብድር ዋስ የሆኑት አባቱና የሃያት ሆቴል ኩባንያ ናቸው፤ ከተማው ደግሞ የ40 ዓመት የግብር እፎይታ ሰጠው። ይህ ከዜሮ መነሳት አይባልም። ግን ኒውዮርክ ራሷ በ1975 ልትከስር አፋፍ ላይ ደርሳ ነበር። ማንሃተን ላይ ገንዘብ ማፍሰስ እብደት በሚመስልበት ጊዜ ከአባቱ ሰፈር ወንዙን ተሻግሮ የገባው ልጁ ነው። ያቺ ድፍረት የራሱ ነች።

"ከስሮ፣ አፈር ልሶ የተነሳ ሰው ነው"

ትራምፕ በግሉ የኪሳራ መዝገብ ከፍቶ አያውቅም። ፍርድ ቤት የሄዱት ድርጅቶቹ ናቸው፤ በ1991፣ በ1992፣ በ2004 እና በ2009። የአሜሪካ ሕግ አንድ ድርጅት ሥራውን ሳያቆም ዕዳውን እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጣል። ታጅ ማሃል የተባለው የአትላንቲክ ሲቲ ካዚኖ (ቁማር ቤት) 14 በመቶ ወለድ በሚከፈልበት ቦንድ ተሠርቶ በ1990 ተከፈተ። ዓመት ከምናምን ሳይሞላው ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ ወለድ ምን ዓይነት ካዚኖ ይተርፋል?

"እሱን ምንም አልነካውም" የሚሉም አሉ። ነክቶታል። በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ብድር በግሉ ፈርሞ ነበርና በ1990 ባንኮቹ የግል ወጪውን በወር 450,000 ዶላር ገደቡበት። (ገደብ ከተባለ!) በኋላም የመዝናኛ መርከቡና አየር መንገዱ ከእጁ ወጡ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የዚያው ዓመት የታኅሣሥ ወር ነገር ነው። የአባቱ ጠበቃ ከልጁ ካዚኖዎች ወደ አንዱ ገባ። ቼክ ሰጠ፣ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የመጫወቻ ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ ቁማር የሚጫወቱበት) ወሰደ። አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ገንዘቡ የካዚኖው የወለድ ክፍያ ሲደርስበት አባት ለልጅ ያቀበሉት ብድር ነበር። ተቆጣጣሪዎች ደረሱበትና ካዚኖው ተቀጣ።

"ትራምፕ ታወር 68 ፎቅ ነው"

58 ነው። ሊፍቱ ውስጥ ያለው ቁጥር መሃል ላይ ዘሎ 68 ይደርሳል። በኋላ የተሠራው ትራምፕ ወርልድ ታወር ደግሞ 72 ሆኖ ሳለ 90 ተብሎ ተሸጠ። ቤት ገዢ ከፍ ያለ ፎቅ ይወዳል፤ ቁጥር መጨመር ደግሞ ሲሚንቶ አይፈጅም።

"የሴንትራል ፓርክን የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ በገንዘቡ አሠራው"

ገንዘቡ የኒውዮርክ ከተማ ነው። ከተማው ግን ስድስት ዓመት ለፍቶ ያልጨረሰውን እሱ በ1986 በወራት ውስጥ ጨርሶታል፤ ይህን መካድም ልክ አይሆንም።

"ፖለቲካ ያማረው በ2015 ነው"

በ1987 በራሱ ገንዘብ በትልልቅ ጋዜጦች ላይ የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ስለ ሕንጻ አልነበረም፤ አሜሪካ ጃፓንንና ሌሎች አገሮችን ለምን በነጻ ትጠብቃለች የሚል ነበር። በ1999ም ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ሞክሮ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተወው።

"ቴሌቪዥን ላይ የወጣው ንግዱ ጫፍ ሲደርስ ነው"

"ዘ አፕረንቲስ" የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ የጀመረው በጥር 2004 ነው። ተመልካቹ በየሳምንቱ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው የሚያባርር አለቃ ያያል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የካዚኖ ኩባንያው ዕዳው ከብዶት ፍርድ ቤት ቀረበ። ዝግጅቱ ቀጠለ።