«የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» ለሚሉኝ ሰዎች፦ ስለ ሽጉጥና ስለ አየር ጠመንጃ ምርጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ዒላማ ተኩስ ማሠልጠን መሆኑን የሚያውቅ ሰው አራት ኪሎ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ባገኘኝ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» ይለኛል። ለማን፣ ለምን ሥራ፣ በምን ዓይነት እጅ የሚያዝ ብዬ መልሼ ስጠይቀው ጥያቄውን የሸሸሁበት ይመስለዋል። መርካቶ ጫማ ሊገዛ የሄደ ሰው ቁጥሩን ሳይናገር «የትኛው ጫማ ይሻላል?» ቢል ባለሱቁ ይስቅበታል፤ ወደ መሣሪያ ሲመጣ ግን እጁ ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ሁሉ የብረት ስም እየጠራ ይከራከራል። ከዚህ በታች የምጽፈው ለዓመታት ስሰማቸው የሰለቹኝን አባባሎች ለማረም ሲሆን፣ ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ እንደማይያዝና ፈቃዱም የተሰጠው ለግለሰቡ እንጂ ለቤተሰቡ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል ብዬ ነው የምነሣው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ «ለሴትና እጁ ለደከመ ሰው ትንሽ ሽጉጥ ይመቸዋል» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ያንኑ ትንሽ ሽጉጥ ራሳቸው አሥር ጥይት ተኩሰውበት አያውቁም። የርግጫ፣ ማለትም ጥይት ሲወጣ ብረቱ ወደ ኋላ የሚገፋው ነገር ግን ቀላል ስሌት ነው። ያው ጥይት በተመሳሳይ ፍጥነት ከወጣ፣ ክብደቱ በግማሽ የቀነሰ ሽጉጥ ወደ ኋላ የሚመጣው በእጥፍ ፍጥነት ነው፤ እጅ ላይ የሚያርፈው የርግጫ ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። 1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሽጉጥ የሚተፋውን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ግማሽ ኪሎ ከሚመዝን ብረት ስንተኩስ ያንን ልዩነት የሚሸከመው የተኳሹ አንጓ ነው። በዚያ ላይ የትንሽ ሽጉጥ እጀታ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ነገር አጥታ በአየር ላይ ትቀራለች፤ እጁም በሁለት ጣትና በመዳፍ ብቻ ይታገላል።

የማነጣጠሩም ጉዳይ አለ። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሽጉጥ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ይሆናል፤ ርቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ያው መዛነፍ ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ትንሿ ሽጉጥ የምትመቸው ለመያዝ እንጂ ለመተኮስ አይደለም፤ በወጉ የሚተኩስባትም ብዙ የተለማመደ ሰው ነው እንጂ ጀማሪ አይደለም።

ፒያሳ ወርቅ ቤት የነበራቸው አንዲት ወይዘሮ ወደ እኔ የመጡት በዚሁ ምክር ተጎድተው ነበር። ባለቤታቸው «ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች» ብለው ከመዳፍ የማትበልጥ ሽጉጥ በወይዘሮዋ ስም አስፈቅደው ገዝተውላቸዋል። ወይዘሮዋ በተኩስ ሜዳ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥይቶች እንደ ተኮሱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለው ሥጋ ቀልቶ አበጠ፤ ከዚያ በኋላ ምላጩን ገና ሳይስቡት ዓይናቸውን ይጨፍኑና እጃቸው ይበረግግ ጀመር። ለማረጋገጥ ብዬ እሳቸው ሳያዩ ካዝናው ውስጥ በጥይቶቹ መካከል ባዶ የመለማመጃ ጥይት ጨመርኩ፤ ምንም ሳይተኮስ አፈሙዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ሲደፋ ራሳቸውም አይተው ሳቁ። ከዚያ ከ1 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሙሉ ቁመት ያለው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ሰጠኋቸው። «ይህማ ለወንድ ነው» ብለው ተቀበሉኝ። ሦስተኛዋ ጥይት ላይ ዓይናቸውን መጨፈን አቆሙ፤ ከሰዓት በኋላ ባለው ልምምድ የተኮሷቸው ጥይቶች በሙሉ እንጀራ ከሚያህል ክብ አልወጡም። የመጀመሪያ ቀን ጀማሪ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅበትም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ነገር ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ዓይናችን ስለለመደው ብዙ ሰው የሽጉጥ ሁሉ መለኪያ አድርጎታል። ጠንካራና የማይከዳ መሣሪያ መሆኑን አልክድም፤ 730 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ነገር ግን የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ጥይቱ እስኪወጣ ድረስ በራሱ ክብደትና በሞላው ግፊት ብቻ የሚያዝ ስለሆነ፣ ሞላው ለመሳብ ጠንካራ ነው፤ ርግጫውም ከጥይቱ አቅም አንጻር ሲታይ ሸካራ ነው። መዶሻው ሳይነሣ ከተተኮሰ ደግሞ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ይሆናል፤ ጣቱ አጭር የሆነ ሰው ምላጩን የሚያገኘው በጥፍሩ ጫፍ ነው።

ታዲያ በምን ይለካል? አስቀድሞ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስቦ የጥይት ቤቱን በዓይን አይቶ በጣትም ዳስሶ ባዶነቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ የወጣውን ጥይት የሚተካ ሌላ ጥይት ከካዝናው ይገባል፤ «ባዶ ነው» ተብሎ የሚደርሰው አደጋ አንዱ መነሻው ይህ ነው። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጎ እጀታውን ወደ ላይ ጠጋ ብሎ መያዝ፣ የሽጉጡ ቧንቧም ከክንድ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ እንዲሰለፍ ማድረግ ነው። በዚህ አያያዝ የሌባ ጣት የመጨረሻው አንጓ ሆድ ምላጩ ላይ በምቾት ካረፈ እጁና ብረቱ ተስማምተዋል። ምላጩ ላይ ለመድረስ እጁን በእጀታው ዙሪያ ማዞር ካስፈለገ ግን ርግጫው መዳፍን ትቶ የአውራ ጣትን መገጣጠሚያ ይመታል፤ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ የፈለገው ስም ቢጻፍበት ለባለ ሱቁ መመለስ ነው። ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ገዢው ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ብረቱ የትውልድ አገር ያወራል።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በፊልም እንደሚታየው የተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ አይወድቅም፤ ጥይቱ ያንን ያህል ቢገፋ ተኳሹም አብሮ በተወረወረ ነበር። እንዳይተኮስ የሚያግደው ቁልፍ ቢዘጋም ሽጉጥ ሽጉጥ ነው፤ ቁልፉ ብረት ስለሆነ እንደ ማንኛውም ብረት ይበላሻል። በዓል መጣ ተብሎ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይትም ሰማይ ላይ አይቀርም።

«ቀኝ እጅ ያለው በቀኝ ዓይኑ ያነጣጥራል» የሚለው አባባል ደግሞ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ጥሩ ተኳሽ አበላሽቷል። ከሁለቱ ዓይኖቻችን አንዱ መሪ ነው፤ መሪው ዓይን ግን ሁልጊዜ በምንጽፍበት እጅ በኩል አይደለም። ስድስት ኪሎ ይማር የነበረ አንድ ወጣት በአየር ጠመንጃ ሲተኩስ ፍሬዎቹ በሙሉ ከዒላማው በስተግራ ያርፉ ነበር። ጠመንጃው ተንጋዷል ብሎ ሦስት ጠመንጃ ለወጠ፤ ከማነጣጠሪያው ጋርም ሲታገል ሳምንታት አለፉ። ከጎኑ ቆሜ ስመለከተው አንገቱን በሰደፉ ላይ አሻግሮ በግራ ዓይኑ እያነጣጠረ ነበር፤ ራሱ ግን አላወቀም።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ሁለት እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ በአውራና በሌባ ጣቶች ትንሽ ቀዳዳ መሥራት፣ ሁለቱም ዓይኖች እንደተከፈቱ በቀዳዳው ውስጥ አንድ ሩቅ ነገር ማየት፣ ከዚያ ተራ በተራ አንድ አንድ ዓይን መጨፈን ነው። እኔ ተማሪዎቼን ከካፌው በረንዳ ላይ የአራት ኪሎውን የድል ሐውልት ጫፍ እንዲያዩ አደርጋለሁ። አንዱ ዓይን ሲጨፈን ሐውልቱ ከቀዳዳው ከጠፋ፣ የተጨፈነው መሪው ዓይን ነው። ሽጉጥ የሚተኩስ ሰው ጭንቅላቱን ጥቂት ዘወር በማድረግ ችግሩን ያልፈዋል፤ ጠመንጃ ግን ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ ወይ ወደ ግራ ትከሻ መዛወር ወይ መሪውን ዓይን በትንሽ መጋረጃ መከለል ግድ ይላል። ወጣቱ ወደ ግራ ትከሻ ተዛወረ። አንድ ወር ያህል እንደ ሕፃን ተደናበረ፤ ከዚያ ፍሬዎቹ መሐል ገቡ። ግራ እጁን ለሚጠቀም ሰው የተሠራ ሰደፍ ግን በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ሁለቱንም እጅ የሚቀበል ሰደፍ ያለው ጠመንጃ እንዲፈልግ መከርኩት።

ስለ አየር ጠመንጃ ስናወራ «መጫወቻ ነው» የሚለውን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። የኦስትሪያ ሠራዊት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1780 ጀምሮ በታመቀ አየር የሚሠራውን የጂራርዶኒን ጠመንጃ ለጦርነት አስታጥቋል። ዛሬ የምናውቀው ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬም ዓይን ያጠፋል፤ ከድንጋይና ከብረት ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ መነጽር ሳያደርግ የሚተኩስ ተማሪ እኔ ዘንድ የለም። እርሳስ የነካ እጅም ሳይታጠብ እንጀራ አይቆርስም። የአየር ጠመንጃ በኦሎምፒክ ውድድር የገባው በዚያው አቆጣጠር በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲሆን፣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 10 ነጥብ የሚሰጠው ክብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

«ፈጣኑ ይሻላል» ብለው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ቁጥር ብቻ አይተው የሚገዙም አሉ። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እጅግ ቀላል በሆነ ፍሬ ነው፤ ፍሬው ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ደግሞ ሚዛኑን ስቶ ይንገዳገዳል። ያንን ግማሽ ሚሊ ሜትር ክብ የሚመቱት የውድድር ጠመንጃዎች ፍሬያቸውን የሚያስወጡት በሰከንድ 170 ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ የሚያምቀው አየር ስለሚያንስ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ አያገኘውም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ደግሞ በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ባለቤቱ ግን ተበላሸ ብሎ ይፈታዋል።

በሞላ የሚሠራው ርካሽና ቀላል ስለሆነ «ለጀማሪ ነው» ይባላል። ሞላው ሲለቀቅ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ስለሚንቀጠቀጥ፣ ፍሬው ገና ከአፈሙዝ ሳይወጣ ብረቱ ይናወጣል፤ አጥብቆ የያዘው ሁሉ ይስታል። አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠራው ለጀማሪ በጣም ይቀላል፤ ዋጋውና የአየር መሙያው ግን ኪስ ይጎዳል። ለአዳጊ ልጅ የሚገዛ ወላጅ ደግሞ «ያድግበታል» ብሎ የትልቅ ሰው ጠመንጃ አይግዛ፤ ልብስ አይደለም። ሰደፉ የረዘመበት ልጅ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ ይቆማል፤ ያ አቋቋም አንዴ ከለመደው አይለቅም። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያሳርፍ፤ ዓይኑን ሲከፍት ማነጣጠሪያዎቹ ከፊቱ ተሰልፈው ካገኛቸው ልኩ ነው።

ወደ ወይዘሮዋ ልመለስ። ትልቁን ሽጉጥ ከወደዱት በኋላ ለምን እንደፈለጉት ጠየቅኋቸው። የቀኑን ገቢ ይዘው ማታ ወደ ቤት መሄድ እንደሚያስፈራቸው ነገሩኝ። እኔም ሱቁን አንድ ሰዓት ቀድመው ዘግተው ገንዘቡን በቀን ብርሃን ባንክ ቢያስገቡስ አልኳቸው፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እንደዚያው አደረጉ። ትንሿን ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ አስረክበዋል፤ ትልቁንም አልገዙም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኔ ዘንድ በአየር ሽጉጥ ዒላማ ይተኩሳሉ፤ እጃቸውም አሁን አይበረግግም። ባለቤታቸው እስካሁን ባገኙኝ ቁጥር «ለመሆኑ የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?» ይሉኛል።