የመልክ ውዳሴ በወሎ የፍቅር ዘፈን

የመልክ ውዳሴ ዘፋኙ የሚወዳትን ሰው አካል ከጸጉር እስከ ተረከዝ አንድ በአንድ እያነሣ የሚያሞግስበት የፍቅር ዘፈን ልማድ ነው። በመላው የአማርኛ ዘፈን የሚገኝ ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጦሳ ተራራ ሥር በተቆረቆረችው ደሴና ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ አካባቢ የራሱ መልክ አለው። እዚህ ቆንጆዋ ያለ አገሯ አትጠራም፤ አንገቷን የሚያነሣ ዘፋኝ ተራራውን፣ ገበያውን ወይም መንገዱን አብሮ ያነሣል።

ዜማው ራሱ የቦታ ስም የተሸከመ ነው። የአማርኛ ዘፈን ከሚቃኝባቸው አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች የተሰየሙ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቅና አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገበያዩባት ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ከሐይቅ ወዲያ የሚገኝ ተራራማ አገር ነው። ትዝታም ከወሎ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፆች የቆመ ሲሆን፣ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው፤ ክራር የሚመታ ሰው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር ጅማቶቹን እንደገና መቃኘት የሚኖርበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ግጥሙ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስንኝ ሲሆን፣ በስፋት የሚሠራበት ምጣኔ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የሚከፈልበት የወል ቤት ነው። የመጀመሪያው ስንኝ አገር ያሳያል፣ ቤት ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ወደ ልብ ይገባል። ለዚህ ጽሑፍ ማሳያ እንዲሆን የተገጠመው ይህ ሁለት ስንኝ አሠራሩን ያሳያል፦

ጦሳ ላይ ደመናው ሲሰነብት ሰፍሮ፣
ልቤ መች ተመልሷል አንገቷ ላይ አድሮ።

ጦሳና አንገት ምን አገናኛቸው ለሚል ሰው መልሱ ሁለቱም የሚያሳድሩ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ቤት መድፊያ ብቻ የሚቆጥሩ አሉ፤ ነገር ግን ስንኙን አውጥቶ ሌላ አገር ቢተኩበት ልጅቷም ሌላ ትሆናለች።

የውዳሴው መዝገበ ቃላት ሰፊ ነው፤ ምሳሌዎቹም ከቤት ዕቃ፣ ከእርሻና ከአየር ጠባይ የሚቀዱ ናቸው። አንገት እንደ ብርሌ ወይም እንደ መቃ ይመሰላል፤ ጥርስ በረዶ ይባላል፤ አፍንጫ ሰልካካ፣ ጸጉር ዞማ፣ ቁመት ሎጋ ይሆናል፤ እግር ላይ ሲደረስ ተረከዘ ሎሚ ይመጣል። የቆዳ ቀለምም ደረጃ አለው፤ ጠይሟ ዓሣ መሳይ ተብላ ስትሞገስ፣ ቀይ ዳማዋ በስሟ ትጠራለች። ከተፈጥሮ መልክ ጎን የተሠራው መልክም ይወደሳል። በአንገትና በድድ ላይ የሚወጣው ንቅሳት፣ ሽሩባው፣ በወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰረው መቀነት በዘፈኑ ውስጥ የአካል ክፍል ያህል ቦታ አላቸው። ወንዱ ሲወደስ ግን መዝገቡ ይጠባል፤ ከቁመቱና ከጎፈሬው አልፎ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጀግንነቱና ወደ ለጋስነቱ ይሻገራል። ሴት በመልኳ፣ ወንድ በሥራው የሚለካበት ይህ አድልዎ የልማዱ ደካማ ጎን ነው።

የሰውነት ልክን በተመለከተ ዘፈኑ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ወገቧ እንዲቀጥን፣ ሰውነቷ ግን ሞላ እንዲል ይፈልጋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ እና በ1977 ዓ.ም. በረኀብ ክፉኛ በተመታ አገር ሞላ ያለ ሰውነት ከውበት አልፎ የጥጋብና የጤና ምልክት ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም። በዛሬው የቪዲዮ ክሊፕ ደግሞ ሸንቃጣዋ ልጅ በብዛት ትታያለች። ለውጡ ከሰውነት ልክ ይልቅ የአሠራር ነው፤ ካሜራው ልጅቷን አንድ ጊዜ ካሳየ በኋላ የአድማጩ ምናብ የሚሠራው ብዙ አይቀረውም፣ ግጥሙም አንገቷን ለመግለጽ የሚደክምበት ምክንያት ያጣል። በካሴት ዘመን ግን እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ቆንጆ ይስል ነበር።

ልማዱን ከሰርግ ቤትና ከገበያ አውጥተው ወደ መድረክ ካደረሱት መካከል በደርግ ዘመን በደሴ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድን ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ማሪቱ ለገሠ ከዚህ ቡድን ወጥታ በአምባሰል ዜማዋ በአገር ደረጃ ታዋቂ ሆናለች። በድምፅ አያያዝ ረገድ የወሎ መንዙማም ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ በሚኖሩበት አገር የመንዙማው የድምፅ እርጋታና የድቤው አመታት ወደ ፍቅር ዘፈኑ መዝለቁ የሚጠበቅ ነው።

ግጥሙን የሚያመጣው ሁልጊዜ ዘፋኙ አይደለም። በአዝማሪ ጨዋታ ላይ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ዜማ አስማምቶ ይደግመዋል። የሚወዳትን ልጅ በቀጥታ ሊናገራት ያልደፈረ ጎረምሳ እዚያው ተቀምጣ ሳለ ስለ ዐይኗ የሚናገረውን በአዝማሪው አፍ ያስብላል። እርሷም መልስ ካላት በዚያው መንገድ ትሰጣለች፤ ብልህ አዝማሪ ሁለቱን እያፈራረቀ ሌሊቱን ሙሉ ሊያጫውታቸው ይችላል፣ ሽልማቱም ከሁለቱም ወገን ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል።