ዋጋን በደንበኛው አገር ገንዘብ ማሳየት ምንድን ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ቴሌግራም ላይ የምትለጥፈው ፎቶ ሸጋ ነው፤ ጥለቱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ «4,500 ብር» ይላል። ወዲያው ከጅዳ መልእክት ይመጣል፦ «እህቴ፣ በሪያል ስንት ይሆናል?» ቀጥሎ ከዱባይ፣ በድርሃም። ከዚያ ከቶሮንቶ። እሷም ካልኩሌተር ከፍታ ለአንድ ጋቢ ስታካፍል ታመሻለች።

ይህን ሥራ ኦንላይን ሱቁ ራሱ ሊሠራላት ይችላል። እሷ ዋጋውን አንዴ በብር ታስገባለች። ሱቁ ገዢው ያለበትን አገር ይለያል፣ የዕለቱን ምንዛሪ ይወስዳል፣ አስልቶ በገዢው ገንዘብ ያሳያል። ነገሩ ይኸው ነው።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው፣ ዓመታት አልፈውም አልተነካም። ስለዚህ አንድ ሪያል 40 ብር ይመጣል፤ ጋቢውም 112.50 ሪያል ይሆናል። እዚህ ላይ ባለሱቋ መወሰን አለባት። 112.50 ብላ ትተወው ወይስ 115 ብላ ታጠጋጋው? እኔ ብሆን አጠጋጋለሁ። ሽርፍራፊ ያለው ዋጋ ማሽን ያወጣው ይመስላል፣ የምንዛሪው ትንሽ መወዛወዝም በየቀኑ ዋጋ አያስቀይርም። ማጠጋጋቱ ግን እንደ አገሩ ገንዘብ ነው። የጃፓን የን ሳንቲም የሚባል ነገር አያውቅም። የኩዌት ዲናር ደግሞ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ አለው። ዶላርም ቢሆን የአሜሪካው፣ የካናዳውና የአውስትራሊያው ምልክት አንድ ስለሆነ የማን ዶላር እንደሆነ ካልተጻፈ የቶሮንቶዋ ደንበኛ ግራ ትጋባለች።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ማሳየትና ማስከፈል ለየቅል ናቸው። ብዙ ሱቆች በሪያል ያሳያሉ፣ የሚያስከፍሉት ግን በብር ነው። ገዢው በውጭ ካርድ ከከፈለ የካርዱ ባንክ በራሱ ተመን ይመነዝራል፤ አንዳንዱ ባንክ የአገልግሎት ክፍያም ይጨምርበታል። ገጹ ላይ 115 ያየ ሰው ከሒሳቡ 118 ተቆርጦ ሲያገኘው ባለሱቋን ነው የሚጠረጥረው። እንዲህ ያለ ሱቅ ከዋጋው አጠገብ «በግምት» የምትል ቃል ያስፈልገዋል፤ መክፈያው ገጽ ላይም የሚቆረጠው ብር በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛው ዓይነት ሱቅ በእርግጥም በሪያል ያስከፍላል። እዚያ ገዢው ያየውን ያህል ይከፍላል፣ ምንዛሪው ቢዋዥቅ ኪሳራውም ትርፉም የሻጩ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመምረጥ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ የምንዛሪውን ጣጣ ማን ይሸከም የሚለው ነው።

ጣጣው ቀላል እንዳልሆነ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አይተናል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። 3,000 ብር የሚሸጥ ነጠላ በ57 ሲካፈል ከ52 ዶላር በላይ ነው፤ በ100 ሲካፈል 30 ዶላር። ምንዛሪውን በእጁ አስገብቶ የረሳ ሱቅ የ30 ዶላሩን ዕቃ በ52 ሲያሳይ ይከርማል። ገዢው ተወደደ ብሎ ይሄዳል፣ ሻጩም ለምን ገበያ እንደቀዘቀዘ አይገባውም። ምንዛሪው ቢያንስ በቀን አንዴ በራሱ መታደስ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

የትኛው ምንዛሪ? እኛ ጋ ይህ ጥያቄ ሌላ አገር ከሚጠየቀው በላይ ይከብዳል። ጅዳ ያለው ሰው በልቡ የሚያሰላው ብዙ ጊዜ በጥቁር ገበያው ነው። ሱቁ በባንክ ተመን ሲያሳየው «ምነው አበዛችሁት?» ይላል። ግን ክፍያው በባንክ ወይም በካርድ የሚገባ ከሆነ ሱቁ በባንኩ ተመን ከመሄድ ውጭ ምርጫ የለውም። የወሰደበትን ተመንና ቀኑን ከዋጋው ሥር ቢጽፍ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ደግሞ የወሎን ነገር ካነሳን፣ ዕቃው ከደሴ የማይወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዲት ልጅ ከሪያድ ሆና ለአረፋ ለእናቷ ጋቢ ትመርጣለች፣ ኮምቦልቻ ያለው ወንድሟ በቴሌብር ይከፍላል፣ ጋቢው ሆጤ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሪያሉ ለልጅቱ ኪስ መለኪያ ብቻ ነው። የተከፈለው ብር ነው፤ ለማሳያ የሚበቃው ቀላሉ ዘዴም ለእንዲህ ያለው ሱቅ ከበቂ በላይ ነው።

አገሩን መለየቱም አንዳንዴ ይስታል። ሱቆች ባብዛኛው የሚያዩት የኢንተርኔት አድራሻውን ነው። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ ቪፒኤን (ከሌላ አገር የገባ የሚያስመስል መተግበሪያ) የከፈተ ልጅ ለሱቁ ሆላንድ ያለ ይመስለዋል፣ ዋጋውም በዩሮ ይመጣለታል። ስለዚህ ገንዘቡን በእጅ መቀየሪያ ቁልፍ ከላይ በኩል ይቀመጥ። አንዴ የተመረጠውም እስከ ክፍያ ድረስ ሳይለወጥ ይቆይ። ቅርጫት ውስጥ በሪያል የነበረ ዋጋ መክፈያው ላይ በዶላር ብቅ ሲል ሰው ይደነግጣል።

የተመለሰ ዕቃ ካለ ደግሞ ደንቡ አስቀድሞ ይጻፍ። በሪያል ያስከፈለ ሱቅ ያንኑ ሪያል ቢመልስ ይሻላል፤ ምንዛሪው በመሃል ቢለወጥም። በብር ያስከፈለ ሱቅ የሚመልሰው ብር ነው፣ ገዢው ባንክ ላይ የሚገባለት ሪያል ግን ከከፈለው ትንሽ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር መክፈያው ገጽ ላይ ማስገባት ምንም ወጪ የለውም።