አራት ዋንጫ ያልሻረው ቁስል

ቡድናችን ፍጻሜ ላይ ሲሸነፍ “ኧረ ጨዋታ ነው፣ እርሳው” ይሉናል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቡድን የደገፈ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይረሳም። ዋንጫው ሜዳው ዳር ቆሞ እየታየ ሲያመልጥ አንጀት ይቆርጣል። ይህን ሐዘን ለእግዚአብሔር መንገር አያሳፍርም። መዝሙረኛው ልባችሁን በፊቱ አፍስሱ ሲል፣ ይሄኛው ጉዳይ ይቅር ብሎ አልገደበንም።

የሚያሳስበኝ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ልብ ውስጥ የሚቀረው ነው። ብዙዎቻችን “ግዴለም፣ በሚቀጥለው ዋንጫ ስናነሳ ይወጣልናል” እንላለን። እውነት ይወጣልናል?

በፈረንጆቹ 1950 የዓለም ዋንጫ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ብራዚል አቻ ብትወጣ እንኳ ዋንጫው የእሷ ነበር። ማራካና ስታዲየም ከ170 ሺህ በላይ ሰው ታጭቋል። ከእረፍት መልስ መጀመሪያ ያገባችውም እሷ ናት። ኡራጓይ አቻ አደረገች። 79ኛው ደቂቃ ላይ የኡራጓዩ ጊጂያ በቀኝ መስመር ኳስ ይዞ ገባ። የብራዚሉ በረኛ ባርቦሳ ያሻማዋል ብሎ ከቋሚው ትንሽ ፈቀቅ አለ። ጊጂያ በዚያችው ክፍተት መታት። 2 ለ 1 አለቀ።

ጥፋቱ ሁሉ ባርቦሳ ላይ ተላከከ። ብራዚል ከዚያ በኋላ በ1958፣ በ1962፣ በ1970 እና በ1994 ዋንጫውን ወሰደች። አራት ጊዜ! ሰውየው ግን በ2000 እስኪሞት ድረስ ጣት ሲቀሰርበት ኖረ። በአገሩ ትልቁ ቅጣት 30 ዓመት እንደሆነ፣ እሱ ግን 50 ዓመት እንደተቀጣ መናገሩ ይታወሳል። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። አንድ እርምጃ ነው የተሳሳተው።

ዘሌዋውያን 19፥18 ቂም አትያዝ ይላል፤ እዚያው ቁጥር ላይ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ብሎ ይቀጥላል። እኛ ደግሞ ቂም ስንባል የሚታወሰን ጎረቤትና ዘመድ ብቻ ነው። ሪጎሬ የሳተውን ልጅ ማን ያስበዋል? ስሙ ሲነሳ ዛሬም ፊትህ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በጸሎትህ ስሙን ጥራው። ባርከው። እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ግን እሱም እናት የወለደችው ሰው ነው፣ በዚያች ምሽትም ከአንተ በላይ ያጣው እሱ ነው። ዳኛውንም እንዲሁ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ሮሜ 12፥15 ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፣ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ ይላል። ለቅሶውን እንችልበታለን። በእኛ ሽንፈት ከሚጨፍር ወዳጅ ጋር ደስ መሰኘት ግን ጸጋ ይፈልጋል። ያን ቀን ስልክህን ዘግተህበት ከሆነ፣ ጊዜው ቢቆይም ደውልለት። “እንኳን ደስ ያለህ” በለው። “ዳኛው ባይኖር ኖሮ” የምትለዋን አትጨምርባት። ሊያበሽቅህ ይችላል። ያብሽቅህ፤ ደስ ብሎት ነው።